ስሙን የማይናገር ሥዕል

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ ተረት ይዣለሁ። ካምታታሁ አርሙኝ፤ እኔም በደንብ የገባኝ አይመስለኝም።

እትዬ በላይነሽ የምትባል ሴት ነበረች። አንድ ዓይኗን ሞራ ጋርዶባት፣ ሁለተኛውም እየደከመባት ነበር። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ። ቀጠሮ የሚያዘው በስልክ፣ በክሊኒኩ ድረ ገጽ ላይ ነው ተባለች። እሷ ደግሞ ፊደል ታውቃለች፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ተምራለች። ገጹን ብትከፍተው ግን ፊደል የሚባል የለም፤ ሥዕል ብቻ። አንዱ ቤት ነው። አንዱ መጥበሻ ይመስላል። አንዱ ሦስት ሰረዝ ነው፣ ምን እንደሆነ እንጃ። አንዱ ሠላሳ አንድ የሚል ቁጥር ያለበት ሳጥን ነው፤ የማን ቤት ቁጥር ይሆን ብላ አለፈችው። አንተ ማነህ ብትለው ሥዕሉ ዝም።

ሄደች ወደ ክሊኒኩ ዘበኛ፣ ወደ ተሰማ። ሥዕሉ ስሙን አይናገርም፣ እባክህ አንተ ንገረኝ አለችው። መጥበሻው ምግብ ቤቱ መሰለኝ፣ ግን ካርድ ክፍሏ ካላዘዘችኝ አፌን አልከፍትም አላት።

ሄደች ወደ ካርድ ክፍል፣ ወደ ሲስተር ውዴ። ሥዕሉ ስሙን አይናገርም፣ ዘበኛው አፉን አይከፍትም፣ እባክሽ ዘበኛውን እዘዥልኝ። ሲስተር ውዴ ራሷን አከክ አከክ አደረገች። ሠላሳ አንድን እኔ ራጅ ክፍል ነው ስል ከርሜያለሁ፤ ገጹን የሠራው ካልነገረኝ ዘበኛውን አላዝም አለቻት።

ሄደች ወደ ገጽ ሠሪው፣ ወደ ዮፍታሔ። ሥዕሉ ስሙን አይናገርም፣ ዘበኛው አፉን አይከፍትም፣ ካርድ ክፍሏ ዘበኛውን አታዝም፣ እባክህ ለካርድ ክፍሏ ንገራት።

«ሥዕሉ እኮ ራሱ ይናገራል እማማ፤ ፊደል ሲበዛ ገጹን ያበላሸዋል» አላት።

በምን አፉ እንደሚናገር እኔን አትጠይቁኝ። ብቻ ሐኪሙ ካላዘዘኝ ለማንም አልነግርም አለ።

ሄደች ወደ ሐኪሙ፣ ወደ ዶክተር ኅሩይ። ሥዕሉ ስሙን አይናገርም፣ ዘበኛው አፉን አይከፍትም፣ ካርድ ክፍሏ ዘበኛውን አታዝም፣ ገጽ ሠሪው ለካርድ ክፍሏ አይነግርም፣ እባክህ ገጽ ሠሪውን እዘዝልኝ። ሐኪሙ ምን ቢላት ጥሩ ነው? ያለ ቀጠሮ ሰው አላናግርም። አያችሁ፣ እዚህ ጋ ስደርስ እኔንም ያዞረኛል፤ ቀጠሮ ለመያዝ ቀጠሮ።

«አልገባሁም ልጄ፣ ደጅህ ላይ ነው የቆምኩት። እንካ፣ አንተው ያዝልኝ» ብላ ስልኩን ዘረጋችለት።

ሐኪሙ ቤቱን ነካ፣ መልሶ እዚያው አመጣው። መጥበሻውን ነካ፣ ባዶ የመፈለጊያ መስመር ወጣ። ሦስቱን ሰረዝ ነካ፣ ሌላ ሥዕል ተዘረገፈ። ላብ ላብ አለውና ዮፍታሔን አስጠራው። ዮፍታሔ መጥቶ ሠላሳ አንድን ነካ፣ ቀጠሮው ተከፈተ። ቀን መቁጠሪያ እኮ ነው፣ የወሩ ቀን ነው አላቸው።

«የየትኛው ወር?» አለች እትዬ በላይነሽ። «የኛ ወር ሠላሳ ላይ ያልቃል።»

ዮፍታሔ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ሠላሳ አንዱን እንደገና አየው።

ያን ጊዜ ሐኪሙ ገጽ ሠሪውን አዘዘ፣ ገጽ ሠሪው ከሥዕሉ ሥር «ቀጠሮ» ብሎ ጽፎ ለካርድ ክፍሏ ነገረ፣ ካርድ ክፍሏ ዘበኛውን አዘዘች፣ ዘበኛው አፉን ከፈተና ለተሰለፈው ሁሉ ሥሩን አንብቡ አለ፣ ሥዕሉም ስሙን ተናገረ። እትዬ በላይነሽ በደከመው ዓይኗ ፊደል በፊደል አነበበች፣ በራሷ ጣት ነካች፣ ማክሰኞ ጠዋት ወጣላት። ማክሰኞ ሞራዋ ተነሣላት።

ተረቴ ይኸው ነው፤ ጉሮሮዬ ደርቋል፣ አንዳችሁ ውሃ አምጡልኝ።