ዳንቴል የለበሰው ላፕቶፕ

ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሁሉ የሚላት አንዲት አባባል አለች። ሙሽራውን ዘመድ ከቦ መላወሻ ሲያሳጣው ይሏታል፤ ጎበዝ ተማሪን በምክርና በሙገሳ ሲያጣብቡትም ይሏታል። ባለፈው አንዱ በሬዲዮ "የጥንት አበው እንዳሉት" ብሎ ሲጠቅሳት ሰማሁና ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አቦ የምን የጥንት አበው! ያለቻት ጎረቤቴ ናት፤ የተባለችውም እዚሁ ድሬዳዋ፣ በገዛ ቴሌቪዥኔ ፊት ነው። አሁን ግን አልናገራትም። ታሪኩን ሳትሰሙ አባባሏን ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ እናንተም ነገ "አበው" ማለታችሁ አይቀርም።

ጋሽ መርዕድ የባቡር ነጂ ነበር። አንቱታውን የዘለልኩት ንቄው አይደለም፤ ድሬ የወደደችውን ሰው አንተ ነው የምትለው። ዕድሜውን ከድሬዳዋ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ድሬዳዋ ሲመላለስ ኖሮ፣ የድሮው ባቡር ሲቆም እሱም ቤት ዋለ። ቤት በዋለ በጥቂት ጊዜ ዓይኑን ያመው ጀመር። አንደኛው ጭራሽ ጠፋ፤ ሁለተኛው ደግሞ ከዳር ከዳር እየጠበበ መጣ። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፣ ግን አልዋሸውም። "ጋሽ መርዕድ፣ ማየት የምትፈልገው ነገር ካለ ዛሬ ነገ አትበል" አለው።

እኛ ደግሞ ላሊበላ ይላል፣ ወይ የተወለደበትን አገር ይላል ብለን ጠበቅን። እሱ እቴ! "ሌሊት ከአይሻ ተነስቼ፣ ጎህ ሲቀድ ድሬ ስገባ ማየት ነው የምፈልገው፤ ያቺን መንገድ አንድ ጊዜ ካየሁ ይበቃኛል" አለ። የቱ ባቡር? የቱ ሐዲድ? ሐዲዱን አሸዋ በልቶታል፤ ባቡሮቹም በቆሙበት ዝገው ቀርተዋል። ይሄንንስ ተወው ብለን መከርነው።

ያልተወው ሚልክያስ ነው። ሚልክያስ የጋሽ መርዕድ ሚስት የእትዬ አልጋነሽ የእህት ልጅ ነው፤ እነሱ ቤት ነው ያደገው። ሥራው የኮምፒውተር ጌም መሥራት ነው። መጫወት አላልኩም፣ መሥራት! እኛ ይሄም ሥራ ሆኖ እንጀራ ይወጣዋል? ብለን ስናማው የኖርን ሰዎች ነን። ልጁ ታዲያ ጋሽ መርዕድ አጠገብ ቁጭ ይልና "ጋሼ፣ አዲጋላን ስታልፍ ተራራው በየት በኩል ነው? ድልድዩ ላይ ስትወጣ ድምፁ እንዴት ይለወጣል?" ይለዋል። ጋሽ መርዕድም ደስ ብሎት ኩርባውን፣ ዳገቱን፣ ድንጋዩን ሳይቀር ይነግረዋል። ለካ ልጁ መንገዱን ከእነባቡሩ ኮምፒውተር ውስጥ እየሠራው ነው።

ችግሩ ግን ያቺ አሮጌ ኮምፒውተሩ አልቻለችውም። ተራራው ይመጣል፣ ሐዲዱ ይቀራል፤ ሐዲዱ ሲመጣ ባቡሩ ድርቅ ብሎ ይቆማል። አንድም ቀን ሺኒሌ ደርሶ አያውቅም። በመጨረሻ ጅቡቲ የሚሠራው ታላቅ ወንድሙ ለጌም ተብሎ የተሠራ፣ ኃይለኛ የሚባለውን ላፕቶፕ ገዝቶ ላከለት።

ዕቃው የገባ ዕለት የግቢው ሰው ሁሉ ወጥቶ በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ከበበው።

"ጉልበቱስ?" አልኩ እኔ።

"የድሮዋ ግማሽ ቀን የሚፈጅባትን ይሄ ሻይህን ጠጥተህ ሳታበቃ ይጨርሰዋል" አለ ሚልክያስ።

ክዳኑን ከፈተው። ፊደሎቹ ከሥራቸው ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያሉ በሩ። ከዚያ አንዲት ድንጋይ አሳየን፤ ድንጋይዋ ላይ የጤዛ ጠብታ አለች፤ ጠብታዋ ውስጥ ደግሞ ሰማዩ ይታያል። ወላሂ እጄን ዘርግቼ ልነካት ነበር። ጎረቤታችን መፍቱሃ "ማሻአላህ! ማሻአላህ በሉ እናንተ ሰዎች!" ብላ ጮኸች።

"መልኩስ መልክ ነው፤ አመሉን ንገረን እንጂ" አለ ጋሽ መርዕድ። "ሻጭ የሚደብቀው እሱን ነው።"

ሚልክያስ ሳቀ። "አመልማ አለው ጋሼ። ትከሻ ይገነጥላል፤ ቻርጀሩ ብቻውን ጡብ ያክላል። ከሶኬት ከነቀልከው አንድ ፊልም እንኳ አያስጨርስህም። ሥራ ሲበዛበት ደግሞ ይግላል፤ ሲግል ይጮኻል።"

"ምን ብሎ ይጮኻል?"

"ቆይ ስማው።" ባቡሩን አስነሳው። መጀመሪያ ንብ የገባበት ይመስል እምምም አለ። ከዚያ እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄደ፤ በመጨረሻ እርስ በርሳችን ለመሰማማት መጮህ ጀመርን።

"ወፍጮ ነው እንዴ የላከልህ?" አልኩት።

"ተወው" አለ ጋሽ መርዕድ። "ጉልበት ያለው ነገር ድምፅ አያጣም። የኔዋስ ዳገት ላይ ስትጮህ አገር ትቀሰቅስ የለ?"

ድምፁን ያልወደደችው እትዬ አልጋነሽ ነበረች። ስለ እሷ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እትዬ አልጋነሽ የዳንቴል ሰው ናት። ሬዲዮዋ ዳንቴል ለብሷል፤ ፍሪጁ ለብሷል፤ ስልክ ድሮ የግድግዳ በነበረበት ዘመን ስልኩም ለብሶ ነበር። የከበረ ዕቃ ራቁቱን ከተቀመጠ ቤቱ ሴት የሌለበት ይመስላታል። ሰው የሚያየው ነገር ደግሞ መሸፈን አለበት፤ ዓይን ይገባዋላ! እና ላፕቶፑ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ማንም ሳያዛት፣ ነጭ በነጭ፣ ጠርዙ አበባ አበባ የሆነ ዳንቴል ትሠራለት ጀመር።

ሚልክያስ ሥራውን ጨርሶ እሁድ ከቀትር በኋላ እንድንመጣ ነገረን። ለኳስ ብዬ የገዛሁትን ትልቁን ቴሌቪዥን ለጋሽ መርዕድ ዓይን ይቀለዋል ብለን ተሸክመን እነሱ ቤት አስገባነው። ሚልክያስ ላፕቶፑን ክዳኑን ዘግቶ ቡፌው ላይ አስቀመጠና በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው። ብርሃን እንዳይረብሸው መጋረጃው ተዘጋ። ጋሽ መርዕድ ወንበሩን ቴሌቪዥኑ አፍንጫ ሥር አድርጎ ተቀመጠ፤ ባቡሩን የሚነዳበትን ጆይስቲክም በሁለት እጁ ያዘ። ፍጥነቱ በዚህ፣ ፍሬኑ በዚያ ብሎ ሚልክያስ እግሩ ሥር ተንበርክኮ አሳየው።

ባቡሩ ከአይሻ ተነሳ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ጨለማ ነው፤ የፊት መብራቱ ሐዲዱ ላይ ይሮጣል፤ ከላይ ሰማዩ ኮከብ በኮከብ ነው። ግራና ቀኝ የግራር ጥላ ይመጣል፣ ያልፋል። ትሪ የምታክል ዕቃ ያን ሁሉ በረሃ ከየት አመጣችው? ጋሽ መርዕድ ያወራ ጀመር። "አሁን ኩርባ አለ… ይኸው! እዚህ ጋ ቀስ… ፍየል አይጠፋም።" እውነትም ፍየሎች ሐዲዱን ሲያቋርጡ ታዩ። ጥሩንባውን ነፋ። መፍቱሃ ዓይኗን በሻሽዋ ትጠርጋለች፤ እኔም ብሆን ደህና አልነበርኩም።

ላፕቶፑ ግን ወፍጮውን ጀምሯል። እትዬ አልጋነሽ ተሳቀቀች። ባሏ የሕይወቱን ነገር እያየ ይሄ ዕቃ ይጩህበት? ደግሞ ቤቱ ሙሉ ሰው ነው፤ ሁሉም አፉን ከፍቶ "ጉድ! ጉድ!" ይላል፤ ማሻአላህ ያለችው መፍቱሃ ብቻ ናት። ቀስ ብላ ወደ ቡፌው ሄደች። የሶፋውን ለስላሳ ትራስ ከሥሩ አስገባችለት፤ ያንን ነጭ ዳንቴል ከላይ እስከ ታች አለበሰችው። ድምፁም ታፈነ፤ ዓይንም ተከለከለ። ደስ ብሏት ተመልሳ ተቀመጠች። የሁላችንም ዓይን መንገዱ ላይ ነበርና ልብ ያላት የለም።

አዲጋላ ደረሰ፤ ጣቢያው ላይ አቆመና እንደገና ተነሳ። ሰማዩ ከምሥራቅ በኩል መገርጣት ጀመረ። ተራሮቹ አንድ በአንድ ከጨለማው ወጡ፤ መጀመሪያ ጥቁር፣ ከዚያ ሐምራዊ። "ሺኒሌን ካለፍኩ በኋላ የድሬ መብራት ይታያል፤ ተመልከቱ፣ አሁን ይታያል…" አለ ጋሽ መርዕድ ወደ ፊት አዘንብሎ።

ድርግም!

"ኧረ መብራት ሄደ!" አልን ሁላችንም ባንድ አፍ። ልማድ ነዋ! ጣሪያው ላይ ቬንትሌተሩ እየዞረ፣ ፍሪጁ እያንጎራጎረ መብራት ሄደ እንላለን። እኔ ደግሞ ቴሌቪዥኔ ተቃጠለ ብዬ ጀርባውን ልዳብስ ተነሳሁ።

በዚያ ጨለማ ውስጥ የጋሽ መርዕድ ድምፅ ተሰማ። ቀስ ያለ ነው።

"አልጋነሽ።"

"ወዬ።"

"ደረሰ። ዓይኔ ሄደ። ጨለመብኝ።"

አቦ ያን ሰዓት አያምጣው። እኔም ስለ ቴሌቪዥን ማሰቤን ረግሜ ተውኩት። እትዬ አልጋነሽ እንደ ልጅ ዘላ ተነሳችና መጋረጃውን ከእነዘንጉ ጎትታ ጣለችው። የድሬ ፀሐይ ቤቱን ሞላው። ጋሽ መርዕድ ዓይኑን አርገበገበ፤ ፊቱን ወደ እሷ አዞረና ብዙ ቆየ።

"ነጠላሽ ታየኝ" አለ።

ሁላችንም እኩል ተነፈስን። መፍቱሃ "አልሐምዱሊላህ" ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ሚልክያስ ያን ጊዜ ነው ወደ ቡፌው የዞረው። ዳንቴሉን አየ። ገፎ ጣለውና ላፕቶፑን ሲነካ የጋለ ካውያ እንደነካ እጁን ሰበሰበ። "ማነው ይሄን ያለበሰው?"

"እኔ ነኝ" አለች እትዬ አልጋነሽ። "ምን አጠፋሁ? አከበርኩት እንጂ!"

"እቴቴ፣ እሱ እኮ አየር የሚስበው ከሥሩ ነው። ትራሱ አፍንጫውን ደፈነው፤ ዳንቴሉ ደግሞ የሚያስወጣበትን ዘጋው። ያ የጠላሽው ጩኸት ትንፋሹ ነው። ሲታፈን እንዳይቃጠል ራሱን አጠፋ።"

"አሁንስ? ይነሳል?"

ልጁ ላፕቶፑን አንስቶ በተደፉ ሁለት ሲኒዎች ላይ አስቀመጠው። እትዬ አልጋነሽ ፊቷ አመድ መሰለ። "የባሌን መንገድ በገዛ እጄ ዘጋሁበት!" አለችና የሰሌን ማራገቢያውን ከግድግዳ አውርዳ ታራግብለት ጀመር። መፍቱሃ በካርቶን ከጎን አገዘቻት። እኔም በር ከፈትኩ። ላፕቶፕ የታመመበት ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከበን፣ አንዳንዱ በልቡ እየጸለየ፣ ዱዓ የሚያደርገውም ዱዓ እያደረገ ቆምን። ጋሽ መርዕድ ብቻ ከወንበሩ አልተነሳም፤ ጆይስቲኩንም ከእጁ አላስቀመጠም። ነገ ያቺ ዓይን ምን እንደምትሆን የሚያውቅ የለም፤ እሱም ይህንኑ ያውቃል።

ሚልክያስ በመጨረሻ ክዳኑን ከፍቶ ቁልፉን ተጫነ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ፊደሎቹ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ አሉ። ያ ወፍጮ በሙሉ ድምፁ ጮኸ፤ እኛም እልል አልን! ወንዱም ሴቱም!

ጉዞው መጨረሻ ካቆመበት ከአዲጋላ ጣቢያ ቀጠለ። ጩኸቱ አሁን የባቡሩ የራሱ ሞተር መሰለን፤ ወለሉ ሳይቀር የሚንቀጠቀጥ መሰለኝ። ጎህ ቀደደ። ሺኒሌ አለፈ። ከዚያ ከታች፣ ከሜዳው ጫፍ፣ ድሬ ከእነዛፎቿ፣ ከእነመብራቷ ብቅ አለች። የራሴን ከተማ እንደዚያ አይቻት አላውቅም፤ ዕንባዬ መጣ። ነጩ ጣቢያ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣ፤ መድረኩ ላይ አንዲት ነጠላ የለበሰች ወጣት ሴት ፔርሙስ ይዛ ቆማለች።

"እኔ ነኝ እንዴ?" አለች እትዬ አልጋነሽ። ማራገቧን ግን አላቆመችም።

"ታዲያ ሌላ ማን ይጠብቀዋል?" አለ ሚልክያስ።

ጋሽ መርዕድ ፍሬኑን ያዘ። በዝግታ፣ ያለ ምንም መንገጫገጭ፣ ልክ ሴትዮዋ ፊት አቆመው። ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ስክሪኑን ብዙ ሰዓት ተመለከተ። "አየሁ" አለ። "ሁሉንም አየሁ።"

ሰው መበተን ሲጀምር መፍቱሃ ዳንቴሉን ከወለሉ አነሳችና አራገፈችው። ያ ሁሉ ልፋት ተጥሎ ሲቀር አሳዘናት መሰለኝ፣ "እትዬ አልጋነሽ፣ አሁን እንኳ ሥራውን ጨርሷል፤ ላልብሰው?" አለቻት።

እትዬ አልጋነሽ ማራገቢያዋን እንደያዘች ያንን ላፕቶፕ ከላይ እስከ ታች አየችው፤ በክንዷ ላቧን ጠረገችና፣ "ተይው መፍቱሃዬ" አለች፣ "ብርቱን ከማልበስ ማስተንፈስ።"