ከጥርስ መሙያ የተረፈው

በእጁ ጥበብ የተመሰገነ፣ በቁጣው ግን የሚፈራ ዶክተር መንክር የሚባል የጥርስ ሐኪም ነበር። ክሊኒኩን የምታጸዳው ሴት መርፌውን ለብቻ፣ ደም የነካውን ጥጥ ለብቻ ትለያለች፤ ከጥርስ መሙያ የተረፈውን ሜርኩሪ ያለበትን ፍርፋሪ ደግሞ ብልቃጥ ውስጥ ታሽጋለች።

አንድ ቀን ዶክተሩ የብልቃጡን ብዛት አየና፣ «ይህን ሁሉ ከጥጡ ጋር ደባልቀሽ ጓሮ አቃጥይው!» አላት።

«ዶክተር፣ ጭሱ እኮ ጎረቤቱን ሁሉ ይመርዛል» አለችው።

ዶክተሩ ወረፋ ወደያዙት ታካሚዎች ዞሮ ሳቀ። «ይህንኑ በየቀኑ ሰው አፍ ውስጥ እጨምራለሁ። መርዝ ነው ካልሽ ታካሚዎቼን እየመረዝኩ ነው ማለትሽ ነው፤ አይደለም ካልሽ አቃጥይው። መልስ ከሌለሽ የክሊኒኩን ቁልፍ አስረክቢኝና ሂጂ!»

ሥራው የሴትዮዋ እንጀራ ነበር። ቢሆንም ታካሚ የተፋበትን ኩባያ በሁለት እጇ አንስታ፣ እጅ ነስታ አቀረበችለት።

«ዶክተር፣ ምራቅም አፍ ውስጥ ሳለ ማንም አይጸየፈውም፤ ከወጣ በኋላስ ይጠጡልኛል?»

ታካሚዎቹ ያበጠ ጉንጫቸውን ይዘው ሳቁ። ዶክተሩም ሳቁ አሸነፈውና፣ «ኧረ በስመ አብ! ከዚህስ የራሴን የተፋሁትን ቃል ብልስ ይሻለኛል፤ ብልቃጥሽን አሽጊ» አላት።