አለቅም ያለው ክፍል

ጠጋ በሉ፤ ይህን ጮክ ብዬ አላወራውም።

በሰሜን ጋና፣ በአንዲት የገጠር መንደር፣ ላሚሲ የምትባል እናት ነበረች። የምትፈልገው ትንሽ ነገር ነው፤ ልጇ ታኒ እንደ ድሮዋ «እማ» እንድትላት። መምህርት ሶልያና በበጎ ፈቃድ ልታስተምር ከሩቅ አገር ስትመጣ ታኒም ትምህርት ቤት ገባች። ልጆቹ መምህርቷን ተከትለው በአንድ ድምፅ ያነባሉ። አንድ ቀን ታኒ ቤቷ ስትመለስ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ልጆቹ ወጥተው፣ በሩ ተዘግቶ፣ ባዶው ክፍል በታኒ ድምፅ ፊደል ይቆጥራል።

ላሚሲ ታኒን አዝላ ሄደች። «አንተ ክፍል፣ የልጄን ድምፅ ልቀቅ።»

«ደወሉ ሳይደውል ማንንም አለቅም» አለ ክፍሉ።

ደወሉ ማንጎ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። «አንተ ደወል፣ ደውል። ክፍሉ አለቅም አለ፣ ልጄም እማ አትለኝም።»

«ዛፉ ካልነቀነቀኝ አልደውልም።»

«አንተ ዛፍ፣ ደወሉን ነቅንቅ። ደወሉ አልደውልም አለ፣ ክፍሉ አለቅም አለ፣ ልጄም እማ አትለኝም።»

«ጠምቶኛል። ጉድጓዱ ካላጠጣኝ አልነቀንቅም።»

የውሃው ጉድጓድ ላይ አጎነበሰች። ውሃው ውስጥ የራሷ ፊት አለ፤ ጀርባዋ ላይ ያለችው ታኒ ግን የለችም። ላሚሲ እጇን ወደ ኋላ ሰዳ ልጇን ዳሰሰች። «አንተ ጉድጓድ፣ ዛፉን አጠጣ። ዛፉ አልነቀንቅም አለ፣ ደወሉ አልደውልም አለ፣ ክፍሉ አለቅም አለ፣ ልጄም እማ አትለኝም።»

ጉድጓዱ መለሰ። «እንግዳዋ መምህርት ሳትጠጣኝ አላጠጣም። የመጣች ቀን ውሃዬን በቅል አቀረባችሁላት። እንግዳ እሱን ሳይጠጣ ገባ አይባልም። እሷ ፈገግ ብላ መለሰችው፣ ከራሷ ጠርሙስ ጠጣች። ‹እንኳን ደህና መጣሽ› ብላ ቅሉን ይዛላት የቆመችው ደግሞ ልጅሽ ነበረች።»

ላሚሲ በቅል ቀድታ መምህርቷ ደጅ ደረሰች፤ ታኒንም ከጀርባዋ አወረደች።

«የታኒ እናት፣ ምነው ላብ በላብ ሆንሽ?»

«መምህርት፣ ይቺን ጠጪ። ጉድጓዱ አላጠጣም አለ፣ ዛፉ አልነቀንቅም አለ፣ ደወሉ አልደውልም አለ፣ ክፍሉ አለቅም አለ፣ ልጄም እማ አትለኝም።»

መምህርቷ ሳቀች። «ሆዴን ፈርቼ እኮ ነው። እኔ ከታመምኩ ማን ያስተምራቸዋል?»

«ድምፅ የሌለው ልጅስ ምን ይማራል?»

ይህን ጊዜ ከተዘጋው ክፍል ውስጥ የታኒ ድምፅ ፊደል መቁጠር ጀመረ። ታኒ እዚሁ፣ ፊታቸው፣ አፏን ገጥማ ቆማለች። የመምህርቷ ሳቅ ደረቀ። ቅሉን በሁለት እጇ ተቀበለች።

መምህርቷ ጠጣች፣ ጉድጓዱ አጠጣ፣ ዛፉ ነቀነቀ፣ ደወሉ ደወለ፣ ክፍሉ ለቀቀ።

«እማ» አለች ታኒ።

ላሚሲ እቅፍ አድርጋት አለቀሰች። መምህርቷንም ሆዷን አላመማትም። ከጉድጓዱ በኩል ግን በታኒ ድምፅ «እንኳን ደህና መጣሽ» የሚል ተሰማ፤ ታኒ በዚያች ሰዓት የእናቷን ማዘያ ጫፍ እያኘከች ነበር።

ከዚያ ወዲህ ታኒ «እማ» ብላ ስትጠራት፣ ላሚሲ ቶሎ «ወዬ» አትልም። መጀመሪያ ዞራ የልጇን ከንፈር ታያለች።