የቢያድግልኝ ምንሽር

በእኛ አገር ሰው ደረቱን ነፍቶ ስብሰባ ገብቶ፣ ተራው ሲደርስ ጉሮሮውን ብቻ ጠራርጎ የተቀመጠ እንደሆነ፣ ከኋላ ካሉት አንዱ ቀስ ብሎ «ጠመንጃው…» ይልና ይተወዋል። የቀረውን ሁሉም በልቡ ይጨርሰዋል፤ ሳቁንም በጋቢው ይሸፍናል። ይህ አነጋገር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። መነሻው ቢያድግልኝ የሚባል ገበሬ ነው፤ የልጅ ልጆቹ ዛሬም ስለሚቀየሙ የመንደሩን ስም አልጠራም።

ቢያድግልኝ ክፉ ሰው አልነበረም። እርሻ ያውቃል፣ ለቅሶ አይቀርም፣ ለተቸገረ እጁን ይዘረጋል። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ሰው ፊት ቆሞ «ይሄ የኔ ነው» ማለት አይሆንለትም። ሚስቱ አንጓች ከአባቷ የወረሰችው መሬት ከወንዙ ተነስቶ እስከ አንድ ትልቅ ግራር ይደርሳል። ከግራሩ በላይ ያለው የጎረቤታቸው የዳኘው ነው። ዳኘው የቢያድግልኝን ጠባይ ስላወቀ ግራሩን ባለበት ትቶ ከጎንና ከጎኑ በየዓመቱ ሁለት ሦስት ትልም ወደ ታች ይገፋል። ቢያድግልኝም በየዓመቱ ያያል፣ ይበግናል፣ ቤቱ ገብቶ ይተኛል።

«አንድ ቀን ሂድና ንገረው እንጂ፤ ቃል ነው እንጂ ጦር አይደል» ትለዋለች አንጓች።

«እነግረዋለሁ፤ ቀን እየጠበቅሁ ነው» ይላል እሱ።

ቀን መጠበቁን የሰሙት ባሻ ታከለ ናቸው። ባሻ በወጣትነታቸው ዘምተው የተመለሱ፣ ከዘመቻው ያተረፉትም አንድ አሮጌ ምንሽር ጠመንጃና ብዙ ወሬ ብቻ የሆነ ሰው ነበሩ። ቢያድግልኝን መንገድ ላይ ይዘው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አሉት። «የሚንቁህ ባዶ ትከሻህን እያዩ ነው። ይሄን ምንሽር ያንጠለጠልክ ቀን ዳኘው ራሱ መጥቶ ድንበርህን ይመልስልሃል። አንዲት ቃል አትተነፍስም።»

ቃል አለመተንፈሱ ቢያድግልኝን ከምንም በላይ ደስ አሰኘው። ከሁለቱ የእርሻ በሬዎቹ አንዱን፣ ቦራን፣ ለባሻ ሰጥቶ ምንሽሩን ተቀበለ።

«ጥይቱስ?» አለ።

«ጥይት ለሚተኩስ ነው። አንተ የምትፈልገው መያዝ ነው» አሉት ባሻ።

አንጓች በሬው ሲነዳ አይታ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። ጥማዳቸው ተሰበረ ማለት ነው። ቢያድግልኝ ግን ሌላ ጭንቀት ገጥሞታል። ጠመንጃውን ይዞ ሰው ፊት መውጣት አፈረ። ባሻም ይህን ሲሰሙ እንደ ምልምል ወታደር ያሠለጥኑት ጀመር።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ነው። «ትከሻህ ይልመደው» ባሉት መሠረት አንድ ሳምንት ሙሉ ምንሽሩን ሳያወርድ ሰነበተ። ሲበላም አንግቶ ነው። ከጓዳ ሲወጣ አፈሙዙ የጣሪያው ሣር ውስጥ እየተሰካ ስንት ጊዜ ወደ ኋላ ጎትቶታል። ዶሮዎቹ መጀመሪያ ሲያዩት ተበታተኑ፤ በሦስተኛው ቀን አንዷ ወጥታ አፈሙዙ ላይ ሰፈረች። እሱ ግን ይህንን እንደ መሻሻል ቆጠረው።

ቀጥሎ ውኃ መውረጃው መንገድ መጣ። ውኃ ቀጂዎቹን ከሩቅ ሲያይ ደነገጠና ጠመንጃውን በጋቢው ሸፈነው። በማግስቱ አንዲት ደግ ጎረቤት ቅጠል ቀጥቅጣ ይዛ መጣች። «ትናንት ጎብጠህ ሳይህ አዘንኩ፤ ወገብህን ምን ነካብኝ?» አለችው። አንጓች ከምድጃው ዞር ብላ ሳቀች። ከሳምንታት በኋላ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር፤ እሱን ግን አጥንቱ ድረስ ገባው።

በመጨረሻ ገበያ ነው። ባሻ ጠዋት መጥተው የመጨረሻውን ትምህርት ሰጡት። «ሰው ሲያይህ ዓይንህን አትስበር። እግርህን ሰፋ አድርገህ ተራመድ። እንዳትስቅ።» ሄደ። ከገበያ ሲመለስ ፊቱ እያበራ ነበር።

«መንገድ ለቀቁልኝ» አላት አንጓችን። «ግራና ቀኝ ተከፈሉልኝ።»

እውነት ነው፣ ተከፍለውለታል። ዞር ባለ ቁጥር አፈሙዙ የሰው ጆሮ ይገርፍ ነበር። የሸክላ ሻጯን እንስራም ያን ቀን ሰብሮባታል።

«ሞፈር ተሸክሞ ለሚዞርም ይለቁለታል» አለች አንጓች። «ይልቅ መጋቢት ገባ። ሰው ሁሉ አርሶ ጨረሰ። የወንዙ ዳር መሬታችን ጦም ሊያድር ነው።»

ጦም ግን አላደረም። ባሻ ቦራን ገበያ አውጥተው ሸጠውት ኖሯል፤ የገዛው ደግሞ ዳኘው ነው። ዳኘው መሬቱ ባዶ መሆኑን አየና በቦራ ጠምዶ ከግራሩ እስከ ወንዙ ያለውን ጠቅልሎ አረሰው። ቢያድግልኝ ምንሽሩን አንግቶ፣ እግሩን ሰፋ አድርጎ፣ ሳይስቅ መጥቶ ከማሳው ዳር ቆመ። ዳኘው እርፉን ሳይለቅ ቀና አለ።

«እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ፤ መልካም ምንሽር ነው። በጤና ያዘው» ብሎት ትልሙን ቀጠለ።

ያን ቀን አንጓች እንደ ወትሮዋ አልመከረችም። «የአባቴ መሬት ነው። ሸንጎ ጥራ፤ ካልጠራህ እኔ አንተን እከስሃለሁ» አለችው፤ እያለቀሰች ነበር።

ሸንጎው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ሾላው ሥር ተቀመጠ። የሸንጎው አባት አለቃ ውብነህ ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ሰውን የሚያውቁት በድምፁ ነው። ወጉም ጥብቅ ነው፤ ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳምና ከሳሽ ሳይናገር ምስክር አይጠራም። ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ዝም ያለ ከሳሽ ደግሞ ነገሩን እንደተወ ይቆጠራል፣ መሬቱም ላረሰው ይረጋል።

ቢያድግልኝ እንዲያ ሆኖ ወጥቶ አያውቅም። ምንሽሩን በቅቤ ወልውሎታል፣ አንገቱ ቀጥ ብሏል፣ ሌሊቱን ሲያጠናው ያደረ ንግግርም ነበረው። ተነስቶ ሊጀምር አፉን ሲከፍት አንድ ሽማግሌ እጁን ዘረጋ።

«መሣሪያውን።»

ቢያድግልኝ ማንገቻውን ጨብጦ ወደ ኋላ አለ።

«በሸንጎ ሰው የሚናገረው ባዶ ትከሻውን ነው። ስትጨርስ ትወስደዋለህ።»

ባሻ ታከለ ይህንን አላስተማሩትም። ምንሽሩ ተወስዶ አለቃ ጉልበት ላይ ተቀመጠ። አለቃ ከሰደፉ እስከ አፈሙዙ ዳበሱትና «ጥሩ አድርጎ ወልውሎታል። የማን ነው?» አሉ።

«የከሳሹ የቢያድግልኝ ነው።»

«መልካም። ቢያድግልኝ፣ ተናገር።»

ቢያድግልኝ ትከሻውን ዳበሰ። ባዶ ነው። ሌሊቱን ያጠናው ንግግር ከምንሽሩ ጋራ ሄዷል። ዓይኑ የአለቃ ጉልበት ላይ ነው። ሁለተኛ ተጠየቀ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም።

አለቃ «እንግዲያስ እስኪያስታውሰው ተከሳሹን እንስማ» አሉ።

ዳኘው ተነሳ። ንግግሩን አሳምሮ ጨረሰ፤ ከወንዙ እስከ ግራሩ የአያት የቅድመ አያቱ ርስት መሆኑን ተናገረ። እዚህ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ መሬቱ የሱ ነበር። ግን ተከራካሪ ያጣ ሰው አፉ አይመለስም። ሰዉን ሊያስቅ ፈለገ።

«መሬቱ የኔ መሆኑን እንኳን እናንተ በሬዬ ቦራ ያውቀዋል» አለ። «የጠመድኩት ዕለት ጅራፍ አላነሳሁም፣ ዙር አላልኩትም። ከወንዙ ተነስቶ ግራሩ ጋ ሲደርስ ራሱ ይዞራል፤ ከግራሩ ወርዶ ወንዙ ጋ ራሱ ይዞራል።»

ሸንጎው ሳቀ። አለቃ «ቢያድግልኝ፣ ለሦስተኛ ጊዜ» አሉ።

ቢያድግልኝ አሁንም ባዶ ትከሻውን ይዳብሳል። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በዚህ ጊዜ አንጓች ነጠላዋን አደግድጋ ተነሳች።

«ባልሽ ቆሞ ሳለ?» አለ አንዱ።

«መሬቱ የአባቴ ነው፤ መልሱም አጭር ነው» አለች። «አንተ ዳኘው፣ ቦራን የገዛኸው መቼ ነው?»

«የካቲት።»

«ከዚያ በፊት ያንተን መሬት አርሶ ያውቃል?»

«እንዴት ብሎ ያርሳል? የናንተ በሬ ነበር።»

«እንግዲያ ግራሩ ጋ መዞርን ማን አስተማረው?»

ሾላው ሥር የተቀመጠው ሁሉ ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ ሳቁ ከበፊቱ በእጥፍ ተነሳ፣ አሁን ግን በዳኘው ላይ ነው። የመሬቱ ባለቤት ተናግራለችና ምስክር ተጠራ፤ አራት ሰዎች ተነስተው ድንበሩ ግራሩ መሆኑን በየተራ ተናገሩ። ዳኘው ያረሰውን ትቶ እንዲወጣ፣ የገፋውንም ሁሉ እንዲመልስ ተፈረደ። አንጓች መሬቱን ስማ ተቀመጠች።

ቢያድግልኝ ምንሽሩ ተመለሰለት። ትከሻው ላይ እንዳረፈ አንገቱ ቀና አለ፣ ደሙም ተመለሰ። መሀል ገብቶ ምንሽሩን ወደ ላይ ነቀነቀና ሾላው እስኪያስተጋባ ድረስ «ዘራፍ! ዘራፍ! ድንበሬን የሚነካ ማን ወንድ!» ብሎ ፎከረ።

አለቃ ውብነህ ደንገጥ ብለው ወደ ድምፁ ዞሩ።

«ይሄ ደግሞ ማን ነው? ይሄንን ድምፅ ዛሬ አልሰማሁትም።»

«ከሳሹ ቢያድግልኝ ነው» አሏቸው።

«አሁን ገና መምጣቱ ነው?»

«ኧረ አለቃ፣ ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነበር።»

አለቃ ውብነህ ባዶ ጉልበታቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና እንዲህ አሉ፦ «ከጠዋት ጀምሮ እዚህ የነበረውንማ በእጄ ዳብሼዋለሁ። ጠመንጃው ሸንጎ ዋለ፣ ባለቤቱ እቤት ቀረ።»