የአምናው ወንዝ

አንድ አሻጋሪ ነበረ፣ አሉ ጋሽ ዘውገ።

ትርሲት የጠየቀቻቸው ግን ስለ አሻጋሪ አልነበረም። መሥሪያ ቤታቸው ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል እሽግ አድርጎ ሰርቨር ላይ የሚጭንበት መሣሪያ አለው። ኮንቴይነሮቹን የሚያስተዳድረው ሲስተም አዲስ ቨርዥን ባወጣ ቁጥር መሣሪያውም ይታደሳል። «ማንም ያልነካውን፣ ደህና የሚሠራ ነገር ለምን እንነካካዋለን?» ነበር ያለችው። እሳቸው ቀጠሉ።

አሻጋሪው መንገደኛና ጭነት ከወንዝ ማዶ ያደርስ ነበር። ሰዎች «ዓይኑን ጨፍኖ ያሻግራል» ይሉለታል፤ ሲሉትም ደስ ይለዋል። ጥልቀቱን የሚለካበት በትር ነበረው፤ ውኃው የት ድረስ እንደሚመጣ በቢላ ምልክት አድርጎበታል።

ክረምቱ አልፎ ወንዙ ሲጎድል አንድ የጨው ነጋዴ መጣ። ያለው ሀብት ሁሉ በበቅሎዎቹ ጀርባ ላይ ነበር። ጨው ደግሞ ወንዝ ከገባ ቀለጠ ማለት ነው።

አሻጋሪው ወደ ዳርቻው ወረደና ባለበት ቀረ። በበጋ ጥላው ሥር የሚያርፍበት፣ ቤት የሚያህለው ቋጥኝ የለም። ያን ድንጋይ ያነሣ ውኃ አሁን ምንም እንዳላደረገ ሁሉ፣ ፀሐይ እያበራበት ጸጥ ብሎ ይፈስሳል። አሻጋሪው ሳያስበው ቆቡን አወለቀ።

«ምነው ቆምክ ወንድሜ? ዓይንህን ጨፍነህ ታሻግር የለም እንዴ?» አለው ነጋዴው።

«ዓይኔን ጨፍኜ የማሻግረው የአምናውን ወንዝ ነው። ይኼን ገና አላወቅሁትም።»

«አንተ ያው አንተ ነህ፤ በትርህም ያው በትርህ! ፈራሁ አትልም?»

አሻጋሪው ባዶ ስልቻዎች አሸዋ ሞላ፤ የጨው ጭነት ያህል እስኪከብዱ። በገዛ በቅሎው ላይ ጫናቸውና እየመራ በድሮው መሻገሪያ ገባ። ውኃው ከጉልበት አልፎ የማያውቅበት ቦታ ሲደርስ በትሩ መሬት አጣ። በቅሎዋ እስከ አንገቷ ሰመጠች። አሻጋሪው ጠፍሩን በቢላ በጠሰው፤ ስልቻዎቹ ተያይዘው ጠፉ፤ እሱና በቅሎዋ እየተንገዳገዱ ወጡ።

ነጋዴው ጭነቱን በእጁ ዳበስ አደረገ። «የኔ ጨው ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

አሻጋሪው ረዘም ያለ በትር ቆረጠ። ውኃውን እየወጋ፣ ወንዙን እንደ እንግዳ እየተዋወቀ ወረደ። ሌላ መሻገሪያ አገኘ፤ በዚያም መጀመሪያ አሸዋ አሻገረ። አሸዋው ደረቁን ማዶ ሲደርስ፣ ጨው ተከተለ።

«አሮጌውን በትር እንግዲህ ጣለው» አለው ነጋዴው።

«ከላይ በኩል ያለው መሻገሪያ ገና እንዳምናው ነው፤ በዚያ የሚመጣ መንገደኛ አለኝ» አለና ሁለቱንም በትር ትከሻው ላይ አደረገ።

ጋሽ ዘውገ ወደ ትርሲት ዞሩ። «ወንዙ ሲስተሙ ነው፣ ልጄ። ስንቱ አገር የሚያሻሽለው፣ ለእኛ ብሎ የማይቆም ትልቅ ነገር ነው። እኔ እስከዛሬ ባየሁት ቁጥር ይገርመኛል። በትሩ ደግሞ መሣሪያችን ነው። ማንም አልነካውም አልሽ፤ እውነትሽን ነው። የተነካው ወንዙ ነው፤ በትሩን የምናድሰውም ለዚህ ነው። ስለዚህ አዲስ ቨርዥን ሲወጣ መጀመሪያ የምንጭነው እንደ አሸዋው ቢጠፋ የማይቆጨንን የሙከራ ፕሮግራም ነው፤ የሰው ጨው ከዚያ በኋላ ይሻገራል። በአሮጌው ቨርዥን የሚሠራ ደንበኛ እስካለ ድረስም አሮጌውን በትር አንጥልም።»

ትርሲት ኮምፒውተሯን ወደ ራሷ ሳበች። አዲሱ ቨርዥን መውጣቱን የሚያሳውቀው መልእክት ስክሪኑ ላይ ነበር።

«እሺ ጋሼ» አለች፤ «አሸዋው የት ነው?»