ቀብዴን ወይስ ቀብሬን

በአንድ ወቅት፣ ገደል አፋፍ ላይ በተንጠለጠለች አንዲት ከተማ፣ ቤት የሚባል ነገር ጠፋ። ጠፋ ሲባል ፈረሰ ማለት አይደለም፤ ቤቶቹስ እንደ ቆሙ ነበሩ። የጠፋው ከቤቶቹ የሚወጣ ሰው ነው። ቁልቁል ገደል፣ ሽቅብ ተራራ ስለሆነ አዲስ የሚሠራበት መሬት የለም። የቀድሞዎቹ ቤቶች ደግሞ ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ሰው የሚኖርባቸው፣ ባለቤታቸው «መግቢያ ሳገኝ እሸጠዋለሁ» የሚላቸው፣ እና ባለቤታቸው እስኪሞት የሚጠበቁ። ሁሉም ሻጭ ነበር፤ ግን ሁሉም ሌላው ቀድሞ እስኪሸጥ ይጠብቃል። ሰልፉ ክብ ስለሆነ የመጀመሪያው ሰው ከመጨረሻው ሰው ኋላ ተሰልፏል።

የእድር ጥሩምባ ሲነፋ ሕዝቡ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ይሮጣል፤ የሚጠይቀው ግን «ማን ነው የሞተው?» ሳይሆን «የት ሰፈር ነው?» ብሎ ነው። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ዓይኑን ወደ ላይ ይሰቅላል። ሐዘንተኞቹ ወደ ፈጣሪ የሚያይ ይመስላቸዋል። እሱ ኮርኒሱ ላይ የውሃ ምልክት መኖር አለመኖሩን ነው የሚያየው።

በዚህች ከተማ የመጨረሻው ዳገት ላይ ጋሽ ወልደየስ የሚባሉ ጡረተኛ የፖስታ ቤት ሰው ይኖሩ ነበር። ቤታቸው ሰፊ ሳሎን፣ ሦስት መኝታ ቤትና ሎሚ ዛፍ ያለበት በረንዳ ነበረው። ነውሩ አንድ ብቻ ነው፤ ደረጃው። ከመንገዱ እስከ በሩ ድረስ የሚወጣ፣ መሐሉ ላይ የሚታጠፍ የድንጋይ ደረጃ። ያሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ያን ጊዜ ጉልበታቸው ወጣት ነበር፣ እንደሚያረጅም ማንም አልነገረውም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አፀደ በሕይወት ሳሉ «ወልዴ፣ ጉልበታችን ሳይከዳን ሸጠን እንውረድ» ሲሉ ኖረዋል።

«ወዴት ነው የምንወርደው?» ይላሉ ጋሽ ወልደየስ። «ሸጠን ገንዘቡን ታቅፈን ጎዳና ላይ እንቀመጥ? መጀመሪያ መግቢያ ይገኝ።»

መካሪ አልጠፋም። አንዱ «ይቆዩ፣ ዋጋው ገና ይጨምራል» ይላቸዋል። ሌላው «ዛሬ ይሽጡ፣ ነገ ይወርዳል» ይላቸዋል። ሁለቱም መካሪዎች የሰው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ነበሩ። መግቢያ ሳይገኝ ወይዘሮ አፀደ አረፉ።

አስከሬኑ ሲወርድ ሳጥኑ ደረጃው መታጠፊያ ላይ አልዞር አለ። የእድሩ ሰዎች «ወደ ግራ! ኧረ ወደ ግራ!»፣ «በእግሯ በኩል ከፍ አድርገው!» እየተባባሉ ታገሉ። በመጨረሻ ሳጥኑን እንደ ቁም ሣጥን አቁመው አዞሩት። ጋሽ ወልደየስ በረንዳው ላይ ቆመው ይህን አዩ፤ ሚስታቸው ቆማ ከቤቷ ስትወጣ። እዚያው ማሉ። ከዚህ ቤት በሸክም አልወጣም፤ በእግሬ ነው የምወርደው።

መማል ቀላል ነው። መግቢያ ግን አሁንም የለም። ደላላ ጠርተው የሚፈልጉትን ነገሩት፦ ደረጃ የሌለው፣ ለቤተ ክርስቲያን የቀረበ፣ ጎረቤቱ የማይጮህ። ደላላው ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ።

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ቤት ካገኘሁማ ምን አደከመኝ፣ እኔው እገባበታለሁ።»

በዚያ ክረምት ደረጃው ላይ አዳልጧቸው ወደቁ። አንድ እግራቸው ክፉኛ ተጎዳ፤ ሁለት የፊት ጥርሳቸውም እዚያው መታጠፊያው ላይ ቀሩ። በሚቀጥለው እሑድ በምርኩዝ ተንፏቀው እድሩ ስብሰባ ላይ ደረሱና ዕድል ጠየቁ። ዳኛው አቶ ሲራክ ሰጧቸው።

«ወገኖቼ፣ ቤቴን ልለቅ ነው» አሉ ጋሽ ወልደየስ፤ ንፋስ በድዳቸው መሐል እያፏጨ። «ልጅ የለኝም፣ ዘመድ የለኝም። የምፈልገውን ታውቃላችሁ። ደረጃ የሌለው፣ ለቤተ ክርስቲያን የቀረበ፣ ጎረቤቱ የማይጮህ። እንግዲህ ቀብ…ን ቀድሞ ያዘጋጀ ሰው ቤቴን ይውሰድ።»

ቀብ ምን? «ቀብዴን» ይሁን «ቀብሬን» ማንም በእርግጠኝነት መናገር አልቻለም። ያቺ የተፈለገች ፊደል ጥርሶቹ በነበሩበት ክፍተት ሾልካ ወጥታለች። «ምን አሉ?» ብሎ የጠየቀም የለም፤ ሁሉም የሰማው መስሎታል።

ሙሉሰው የሰማው «ቀብዴን» የሚለውን ነው። ሙሉሰው የሲሚንቶና የቆርቆሮ ነጋዴ ነው፤ ሽያጭና ቀብድ ደግሞ ተለያይተው አያውቁም። በዚያው ምሽት ሁለት ምስክር አስከትሎ ደረጃውን ወጣና ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ጋሽ ወልደየስ፣ ቃልዎን ሰምቼ መጣሁ። ይኸው ቀብዱ።»

«መግቢያ አላገኘሁም እኮ፣ ልጄ።»

«እኔስ መች መግቢያ አለኝ? ሚስቴንና አራት ልጆች ይዤ ከሲሚንቶ ጆንያ ኋላ ነው የምተኛው። ትንሿ ስታስነጥስ ግድግዳ ይለሰናል።» ሊያስቅ ፈልጎ ነበር፤ ድምፁ ግን መሐል ላይ ተሰበረ። «እስኪወጡ እጠብቃለሁ። ብቻ ለሌላ አይስጡብኝ።»

ጋሽ ወልደየስ ገንዘቡን አዩት፤ እግራቸውን አዩት። ተቀበሉ። ገንዘቡ ሐኪም ቤት ገባ፤ እግሩ ታሰረ፣ የተረፈው ደግሞ ሁለት ነጫጭ ጥርስ ሆኖ ተመለሰ። በዚያ አገር ቀብድ በልቶ ሐሳቡን የለወጠ ሰው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ጋሽ ወልደየስ እጥፉን ይቅርና ነጠላውንም የሚመልሱት ከአፋቸው ነቅለው ነው።

አቶ ክንፉ «ቀብሬን» ሲሉ ነው የሰሟቸው። አቶ ክንፉ የልጅነት ጓደኛቸው ናቸው፤ ልጅ የሌለው ሽማግሌ ከቀብሩ ሌላ ምን ያሳስበዋል ብለው አሰቡ። በዚያች ከተማ የጠበበው ለቆመ ሰው ብቻ አልነበረም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢም ከሞላ ቆይቷል። አቶ ክንፉ ግን ከወይራው ሥር፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ለራሳቸው ያስያዙት ቦታ ነበራቸው። ያንን በጋሽ ወልደየስ ስም አዛወሩት። ድንጋይ አስጠርበው ስማቸውንና የተወለዱበትን ዓመት አስቀረጹበት፤ ከጎኑ ለሚሞቱበት ዓመት ትንሽ ባዶ ቦታ ተተወ። ከዚያ እጃቸውን ይዘው አሳዩዋቸው።

«በል እየው። ደረጃ አለው?»

«የለውም።»

«ለቤተ ክርስቲያን ከዚህ የሚቀርብ አለ?»

«የለም።»

«ጎረቤቶችህስ ይጮኻሉ?»

ጋሽ ወልደየስ ግራ ቀኝ አዩ። ቤት መፈለግ ከጀመሩ ወዲህ የፈለጉትን ሁሉ አሟልቶ የተገኘ የመጀመሪያው ቦታ ነው፤ ይህን መካድ አልቻሉም።

«መቼ ልግባበት?» አሉ።

«ኧረ አትቸኩል፣ አንተ ደግሞ!» አሉ አቶ ክንፉ፤ ከሳቁ መሐል ሳል ያዛቸውና ድንጋዩን ተደገፉ። «ቤቱን የምፈልገው ለልጄ ነው። ከታጨች ስንት ዘመኗ! ለሠርጓ የተሰፋው ቀሚስ እንኳ ጠበባት። እጮኛዋ ቤት ሳላገኝ አላገባም ብሎ እዚያው እናቱ ጓዳ ሸበተ።»

«አንተስ የት ልትቀበር ነው?»

«እኔማ እስከዚያ አልሞትም» አሉ አቶ ክንፉ፤ ቀጥሎም አሳላቸው።

ወይዘሮ ትርፌ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ባለች አንዲት የቀበሌ ክፍል የምትኖር ጧፍ ሻጭ ናት። እድሩ ላይ ከኋላ ተቀምጣ ስለነበር ቀብድም ቀብርም አልሰማችም። በማግስቱ ጠዋት ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ዳገቱን ወጣች።

«አባቴ፣ ቁልፉ ይኸው። ይውረዱና ይግቡ። ደረጃ የለውም።»

«አንቺስ?»

«እኔማ እህቴ ጋ ነኝ። ስለኔ አያስቡ።»

እግሩ ትንሽ ሲጠነክር ጋሽ ወልደየስ ላይመለሱ ወረዱ፤ በእግራቸው። ጠዋት የጀመሩት ቀትር ላይ ነው ያለቀው። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ቆሙና ሳጥኑ የፋቀውን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳሰሱ። «ይኸው፣ አፀደ» አሉ። ትርፌ አንድ ደረጃ ቀድማ፣ ፊቷን ወደ እሳቸው አዙራ፣ ወደ ኋላዋ ነበር የምትወርደው።

ክፍሏ ጠባብ፣ ግን ደረቅ ነች። ጎረቤቱ የማይጮህ የሚለው ነገር አልተሳካም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ትክክል ትራሳቸው አናት ላይ ነው። ትርፌ በየቀኑ ምግብ ይዛ ትመጣለች፣ ታጥባለች፣ እግራቸውን ታሻለች። ስለ ዳገቱ ቤት አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። በኋላ ግን የእህቷ ባል «ቤቱ ጠበበን» አላት። ከዚያ ወዲህ የት እንደምታድር ጋሽ ወልደየስ አልጠየቋትም። ለምን አልጠየቁም ቢባል መልሱን ስለሚያውቁት ነው፤ ነጠላዋ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ መጠለያ ገለባ ተሰክቶ ያዩታል።

የዳገቱ ቤት ተቆልፎ ተቀመጠ። በከተማዋ ብቸኛው ባዶ ቤት ስለነበር እሑድ እሑድ ሰው ሊያየው ይወጣል። ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ መስኮቱ ያነሷቸዋል። «አየህ፣ ማሙሽ? ማንም የለበትም» ይሏቸዋል። ልጆቹ አያምኑም።

በመጨረሻ ሦስቱም እድሩ ፊት ቆሙ። ሙሉሰው ቀብድ ከፍያለሁ አለ። አቶ ክንፉ መቃብሬን ሰጥቻለሁ አሉ። ትርፌ ተገፋፍታ ተነሣችና «እኔ ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ሲቀመጡ ያቃሰቱትን ነው የሰማሁት። አሁን ግን ማደሪያ የለኝም» አለች።

«የሰጠሽው ክፍል የቀበሌ ነው፤ ያንቺ ያልሆነውን ነው የሰጠሽው» አላት ሙሉሰው።

«አንተስ ቀብዱን ያሰላኸው በአምና ዋጋ አይደል?» አሉት አቶ ክንፉ።

«እርስዎስ ጓደኛዎን በቁማቸው ድንጋይ አቁመውባቸው የለ!» ብሎ መለሰላቸው።

ሕዝቡ አጉረመረመ። ሰው በዚህ አገር ጧሪ ቀባሪ ሲል እንደ አንድ ሰው አድርጎ ነው የሚጠራው። አሁን ጧሪዋ እዚህ፣ ቀባሪው እዚያ ቆመው፣ መሐላቸው ነጋዴ ገብቷል።

ዳኛው አቶ ሲራክ ጠረጴዛውን መቱ። «ጋሽ ወልደየስ፣ ያን ጊዜ ጥርስ አልነበረዎትም ብለን አለፍነው። ዛሬ እግዚአብሔር ይመስገን ጥርስ አለዎት። ያቺን ቃል ይድገሟትና እንገላገል።»

«ጥርሱስ በማን ገንዘብ ገባ?» አለ ሙሉሰው።

«አፉንስ ማን ሲያጎርሰው ከረመ?» አለች አንዲት የትርፌ ጓደኛ ከኋላ።

«ሲዘጋስ የት ነው የሚያርፈው?» አሉ አቶ ክንፉ በዝግታ።

ጋሽ ወልደየስ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ምን እንዳሉ እሳቸውም አያውቁም። አፋቸው ስለ ሽያጭ ሲያወራ ልባቸው አፀደን ደረጃው ላይ ያዞር ነበር። ጥርስ ሳይኖር ጥሩ ነበር፤ ሦስቱም የየራሳቸውን ሰምተው ሄዱ። አሁን ግን ቃሏ መለየት አለባት። «ዴ» ለማለት ምላሳቸው አዲሶቹን ጥርሶች መንካት አለበት፤ ባለዕዳ መሆናቸውን ያኔ ያስታውሳሉ። «ሬ» ካሉ ምላሳቸው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ድንጋዩ ላይ የተተወው ባዶ ቦታ ይታያቸዋል። ለትርፌ ደግሞ የሚሆን ፊደል የለም። «ጧሪዬን» ቢሉ፣ ያን ቀን ከአፋቸው ያልወጣ ቃል መሆኑን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። ቤቱን ካልሰጧት ግን ዛሬም መጠለያው ውስጥ ነች፤ ክፍሏን ቢመልሱላት ደግሞ ደረጃው እሳቸውን ይጠብቃል።

ትርፌን አዩ፤ መሬት መሬት ታያለች። ክንፉን አዩ፤ መሐረቡን አፉ ላይ ይዟል። ሙሉሰውን አዩ፤ ትንሿን ልጁን አቅፎ መጥቷል፣ ሽፋሽፍቷ በሲሚንቶ ነጥቷል። በሩ ላይ ጥሩምባ ነፊው ጥሩምባውን በጋቢው ጫፍ ይወለውላል። ጋሽ ወልደየስ አፋቸውን ከፈቱ።

ወሬው የደረሰን እዚህ ድረስ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ያለውን ቃል ማንም ይዞልን አልመጣም። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ ብቻ ቶሎ ፍረዱ፣ ሰውየው አፋቸውን ከፍተው እንደ ቆሙ ነው፣ እግራቸውም በቅጡ አልዳነም። ቀብዱን የከፈለው፣ መቃብሩን የለቀቁት፣ አልጋዋን የለቀቀችው፤ ከሦስቱ ቤቱ የሚገባው ለማን ነው?