የአቶ መንበሩ ጭንቅላት

አቶ መንበሩ ሥራ አስኪያጅ ከሆኑ ወዲህ በአሮጌ መኪናቸው ላይ ያልለጠፉት ጌጥ የለም። አንድ ቀን የማርሹን እጀታ ማስቀየር አሰኛቸውና ሾፌራቸውን ጠርተው ሁለት አዳዲስ እጀታዎች አቀረቡለት፤ አንዱ የናስ አንበሳ፣ ሌላው እንጨት ቀራጭ ዘንድ ያሠሩት የራሳቸው ጭንቅላት ነው፣ ከነመላጣው።

«ለክብሬ የሚመጥነውን ምረጥ! ብትሳሳት ቁልፉን አስረክበህ ትሄዳለህ» አሉት፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ።

ሾፌሩ የትኛውን እንደፈለጉ አልጠፋውም። የእንጨቱን ጭንቅላት አንሥቶ በመዳፉ መዘን መዘን አደረገና መልሶ አስቀመጠው።

«አንበሳው ይሻላል።»

«የኔ ምን ጎደለው?» ብለው ጮኹ።

«ኧረ ምንም ጌታዬ፣ ቁርጥ እርስዎን ነው! ችግሩ የኔ ነው። ይሄ ማርሽ አልገባ ባለኝ ቁጥር እጀታውን በጥፊ የማጮል ልማድ አለብኝ። የእርስዎ ከተገጠመማ፣ ማርሹ ከገባም በኋላ የማቆም አይመስለኝም።»